የቀኙ ጥግ

ጅማ ላይ ዝናቡ እንግዳ አይደለም፤
ቁልፍ ይዞ ይገባል፣ ማንኳኳት ብሎ ነገር የለም።
ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ጫፍ
እንጨቱ ሲሻግት፣ ቆርቆሮው ሲያንጠባጥብ በየደጃፍ፣
ብረት የተባለ ሁሉ ቀስ ብሎ ይታመማል፤
ምስማር ቀይ እንባ ያነባል፣ ማጠፊያው ይደማል።

በዚህ አገር፣ ከሂርማታ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣
ጋሽ ሙዘይን አባቦር ፊያት ነበረቻቸው፣ ፓራውልቷ ዓይን የሚያላግጥ።
እኔ ገና በአሥራ ሦስቴ አጣቢዋ ነበርኩ፣
ባልዲ እያመላለስኩ እጄን ያሻከርኩ።

ቃል አያባክኑም። ሲናገሩም ለመኪናዋ እንጂ ለኔ አይመስልም፦

«ኒኬል ቀጭን ነው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣ እንደ ዓይን ሽፋን፤
ከሥሩ መዳብ አለ፣ ከመዳቡ በታች ብረቱ ዕርቃን።
አሸዋ አታስነካው፣ የብርጭቆ ወረቀት ስሙን እንኳ አትጥራ፤
አቧራውን በውሃ አሰናብት፤ ደረቅ ጨርቅ ካገኘው ጭረት ነው የሚዘራ።
የአዌቱ ውሃ አይቆይበት፤ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ትቶ ነው የሚሄድ፣
ከታጠበ ወዲያ ወሬ የለም፣ አድርቅ፤ ጣትህን ክተት ውሃ ከሚደበቅበት ጉድጓድ።
አሻራህን ዛሬ አታየውም፤ ነገ ግን ጨው ነው፣ ከነገ ወዲያ ጉድፍ፤
በመጨረሻ ሰም። ትንሽ። ከጌራ የመጣ ንጹሕ ሰፈፍ።»

ሰፈፉን ፀሐይ ላይ ያላሉታል፣
በካናቴራ ቁራጭ ክብ ክብ እየሠሩ ያለብሱታል፤
ከዚያ መጠበቅ ነው። ጫቱንም ሲጋራውንም ወደ ጎን ያስቀምጣሉ፣
ሰሙ ሲደነግዝ፣ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ፣ ቀስ ብለው ይገልጣሉ።
ያኔ የጅሬን ጋራ ፓራውልቷ ላይ ይጎብጣል፣
ሰማዩ ይጠባል፣ የኔም አፍንጫ ከፊቴ ይበልጣል።

አንድ ቀን ለለቅሶ አጋሮ ሄዱ።

በቀኙ ጥግ ላይ ቡናማ ነጥብ አየሁ፣ ምስር የምታህል፤
«ሲመለሱ ይደነቁ» አልኩ። ልጅ አይደለሁ? እጅ አያርፍ፣ ልብ አይበስል።
ከአናጺው ከሸምሱ ዘንድ ወረቀቷን ሰረቅሁ፣ የበርጩማ እግር የሚያለሰልስባትን፤
አሸሁ። ነጥቧ ጠፋች። ደስ ብሎኝ ደገምኩ። በሦስተኛው ግን አየሁት መዳቡን።
ቀይ ነው። አውራ ጣት ያህላል። የተላጠ ጉልበት ይመስላል።
ማታ መጡ፤ ጎንበስ አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ «ሌሊት ይዘንባል»
አሉና ሰፈፉን ጠየቁኝ።

ያቺን ጥግ ብቻ ሰም ይቀቧታል፣ ከሱብሒ መልስ፣ ጠዋት ጠዋት፤
ዱላ ቢሆን ኖሮ ሰንበሩ ይጠፋል፣ ቢበዛ በሳምንት።
አንዴ ብቻ፣ ሳልጠይቃቸው፦
«ኒኬል ብትረሳው ጥቂት ይታገሣል፤
መዳብ ግን ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ሲያጣ አረንጓዴ ይለብሳል።»

ፊያቷን ሸጧት። ዓይናቸው ደከመ፣ መንገዱም በባጃጅ ሞላ፤
ለሰርግ መኪና የሚያከራይ የሊሙ ሰው ወሰዳት፣ ያለ ሰፈፍ፣ ያለ መሐላ።

ዘንድሮ በሚያዝያ፣ ፈረንጅ አራዳ ላይ ሰርግ አለፈ፤ ጡሩንባ፣ አበባ፣ ሪባን፤
ሰው ሙሽራዋን ሲያይ እኔ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ ቁስሌን።
ስንት ክረምት ወርዶባታል። አረንጓዴ ነበር የጠበቅሁት።
አልነበረም።
ቀይ ነው፤ ንጹሕ፤ ዳር ዳሩን ገና ያልተወለወለ ሰም።
ከሹፌሩ ጎን አንድ ልጅ ጨርቅ ጨብጦ ተቀምጧል፤ የማን እንደሆነ አላውቅም።
ጣቶቹን ግን አየሁ፦ ጫፋቸው ቢጫ፤
ዓይኑም ሙሽራዋ ላይ አይደለም፤ ሰማዩ ላይ ብቻ።